አንድ ቃል፣ 10 በመቶ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ብሪጅ፣ ስለ ዘፈን መሸጋገሪያው ክፍል፣ ነበር የማወራው። ባለፈው ቃል ገብቼላችሁ ነበር፣ አልረሳሁም፤ ማስታወሻው እዚሁ ፊቴ ተዘርግቷል። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የከረመ ነገር አለ። እሱን ሳላወጣ ስለ ሌላ ባወራ ከድምፄ ታውቁብኛላችሁ። ወንበሩ ሲያንቋርር ከሰማችሁ ያው እሱ ነው፣ አልቀየርኩትም።

ያቺን ልጅ ታስታውሷታላችሁ፤ «አራት ስንኝ ብቻ ይዩልኝ» ብላ ሃያ የምትልክልኝን። እሷ ናት። ስሟን አልጠራም። ስቱዲዮ ገባን፤ እሷ፣ አቀናባሪውና እኔ። ግጥሙም ዜማውም የራሷ ነው። ይሄን ከሁሉ በፊት ልበል። እኔ የተጠራሁት ሰምቼ አስተያየት እንድሰጥ ነው፣ ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

አዝማቹ ላይ «ደጄ ላይ ድምፅህ አለ» ትላለች። ወረቀት ላይ ስታነቡት እንከን የለውም፤ ሰውዬው ሄዷል፣ ድምፁ ግን ደጇ ላይ አለ። ዜማው ግን «አ» ላይ ይወጣና እዚያው ይቆያል፣ ይቆያል፣ ከዚያ «ለ» ላይ ዱብ ይላል። እንደዚያ ሲወርድ «ለ» ይላላል። «አለ» ጠብቆ መኖር ነው፣ ላልቶ መናገር ነው። ስለዚህ ሰሚው «ድምፅህ ተናገረ» የተባለ ይመስለውና ቀጥሎ ምን እንደተናገረ ይጠብቃል። ምንም አይመጣም። ድራሙ ይገባል፣ አለቀ።

ይሄ ነገር ስንት ጥሩ ዘፈን እንዳበላሸ! ፊደላችን መጥበቅና መላላቱን አያሳይማ። «ዋና» ብላችሁ ስትጽፉ ውሃ ውስጥ ያለውም፣ የሁሉ በላይ የሆነውም አንድ ዓይነት ነው የሚጻፈው። «ይመታል» ላልቶ መቺው እሱ ነው፤ ጠብቆ ግን ዱላው እሱ ላይ ነው። ዜማ ደግሞ ቃል አይለምንም፤ ወደፈለገው ይጎትተዋል። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ግጥሙን ያላየ ሰው እጠራለሁ፣ እዘፍንለታለሁ፣ የሰማውን እንዲጽፍልኝ እጠይቀዋለሁ። አንብቦ ሳይሆን ሰምቶ። የጻፈውና የጻፍኩት ካልተገናኙ ጥፋቱ የእሱ ጆሮ አይደለም፤ ወይ ቃሉ ይለወጣል ወይ ኖታው። ይሄን ሳታደርጉ ለድምፃዊ ግጥም አትስጡ፣ በእውነት።

እና ያን ቀን «ቀረ በይው» አልኳት።

ሌላ ምንም አላልኩም። «ደጄ ላይ ድምፅህ ቀረ።» ዘፈነችው። አቀናባሪው እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። «ቀረ» ላልቶ ቢወጣ እንኳ ሌላ ቃል አይሆንም፤ ለሱ ነበር ያልኩት፣ ዜማው እንዳይሰብረው ብዬ። ግን ሌላም ነገር ይዞ መጣ። ቀረ፣ ማለት ሄደህ ድምፅህ ደጄ ላይ ተረፈ። ቀረ፣ ማለት ደግሞ ድምፅህ ከእንግዲህ ደጄ አይመጣም። ሰሙም ወርቁም አንዲት ቃል ውስጥ። ልጅቷ ሁለተኛ ስትደግመው ዓይኗ ሞላ። ማንም አልተናገረም። ለእንደዚያ ዓይነት ደቂቃ ነው ይሄን ሥራ የምወደው።

ከዚያ አቀናባሪው የድርሻ ወረቀቱን፣ ማን ከመቶ ስንት እንደሚወስድ የሚጻፍበትን፣ አወጣ። ደግ አደረገ፤ ድርሻ የሚጻፈው ሰው ከክፍሉ ሳይወጣ ነው፣ ሺህ ጊዜ ብያችኋለሁ። ወደ እኔ ዞሮ «ግጥሙ ላይ የጋሼን ስንት ልበል?» አለ። እኔም «10» አልኩ።

አላሰብኩበትም። እጄን ወደ ኪሴ የመስደድ ያህል ነበር የወጣው። ካልኩ በኋላ ነው ወደ እሷ ያየሁት። «እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ» አለችኝ።

ያቺ «እሺ» ናት ያልለቀቀችኝ። ደስ ብሏት ይሆናል። ስሜ ከስሟ ጎን መጻፉ ይጠቅመኛል ብላ አስባም ይሆናል፤ እንደዚያ የሚያስቡ አሉ። ወይም ደግሞ… በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ፊቷ ተቀምጦ «10» ካለ ሌላ ምን ትበል? «ለምን» ትበል?

እናንተ ምን እንደምትሉ አውቃለሁ። 10 ምንድን ናት? በዚህ ሥራ ውስጥ የቆየ አባባል አለ፤ ቃል ለውጥ፣ ሲሶ ውሰድ። የአሜሪካዋ የዘፈን ከተማ ናሽቪል ውስጥ ደግሞ ልማዱ ክፍሉ ውስጥ አብሮ የጻፈ ሁሉ እኩል ይካፈላል ነው፤ ማን ስንት ቃል አመጣ ተብሎ አይቆጠርም። እንደዚያ እያልኩ ራሴን ሳጽናና ነበር። ግን እዚያ የሚካፈሉት አብረው ሊጽፉ ተቀጣጥረው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። በሕግ በኩል ከሄድን ደግሞ አንድ ቃል ብቻውን በብዙ አገር የቅጂ መብት አያገኝም።

ዘፈን ሁለት ንብረት ነው፣ ይሄን ታውቁታላችሁ። አንዱ የተቀዳው ድምፅ ነው፤ ሌላው ሥራው ራሱ፣ ግጥሙና ዜማው። ቅጂው ሊቀየር ይችላል፤ ነገ ሌላ ድምፃዊ ይዘፍነዋል፣ አዲስ ቅጂ፣ አዲስ ባለቤት። ሥራው ግን ያው ነው፣ በማንም አፍ ቢወጣ ለደራሲው ይከፈላል። እኔ 10 ያልኩት ከዚያኛው ነው። ከማይጠፋው። አገሮች ስለ ቅጂ መብት በተፈራረሙት በበርን ስምምነት መሠረት የጋራ ሥራ የሚጠበቀው መጨረሻ ከሞተው ደራሲ ሞት ጀምሮ ቢያንስ 50 ዓመት ነው። እሷ ገና ልጅ ናት። ማለት፣ እኔ ከሞትኩ በኋላ እሷ እስክታረጅ፣ ከሷም በኋላ 50 ዓመት፣ ያቺ 10 በኔ ስም ትቆያለች። ልጆቿ ልጆቼን እያካፈሉ ይኖራሉ። በአንድ ቃል።

የፓሪሱን ታሪክ ስንት ጊዜ አውርቼላችኋለሁ! እ.ኤ.አ. በ1847 ቡርዤ የሚባለው የግጥም ደራሲ ከዜማ ደራሲ ጓደኞቹ ጋር ካፌ ገብቶ፣ የራሳቸው ሥራ ሲቀርብ ሰምተው፣ «እናንተ ለኛ ሥራ ካልከፈላችሁ እኛም ለጠጣነው አንከፍልም» ያሉትን። ፍርድ ቤቱ ለደራሲዎቹ ፈረደ፤ በ1851 ሳሴም ተመሠረተ፣ የደራሲዎችን ገንዘብ የሚሰበስበው ማኅበር። ያን ታሪክ ሳወራ ሁሌ ከቡርዤ ጠረጴዛ ነበር የምቀመጠው። ሰሞኑን ግን… እኔ እዚያ ካፌ ውስጥ የትኛው ሰውዬ ነኝ?

አይ፣ ይሄስ በዛ። ባለ ካፌው ምንም አላዋጣም፤ እኔ ቃሉን አምጥቻለሁ። ቃሉ ደግሞ ዘፈኑን ለውጦታል፣ ዓይኗ ሲሞላ አይቻለሁ። አርታኢ መጽሐፍ ያሻሽላል፣ ስሙ ግን ሽፋኑ ላይ ከደራሲው ጎን አይወጣም፤ እሱም እውነት ነው። አላውቅም።

ሌላም አለ። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም።

ስልኬ ያን ቀን እየቀዳ ነበር። ሥራ ላይ ስቀመጥ ሁሌ እቀዳለሁ፤ እናንተም ቅዱ፣ ማን ምን መቼ እንዳለ ሰው ይረሳዋል። ትናንት ማታ ከፍቼ ሰማሁት፤ ያቺን «እሺ» ልስማት ብዬ ነው እንጂ ለሌላ አልነበረም። እኔ «ቀረ በይው» ከማለቴ ከደቂቃ በፊት እሷ አዝማቹን ለብቻዋ ታንጎራጉራለች፤ ቃሉ አይለይም፣ ወደ ውስጥ ነው። «ድምፅህ» ትልና ቀጥሎ አንድ ነገር አለ። በ«ቀ» የሚጀምር ይመስላል። ፒያኖው ይሸፍነዋል። ደጋግሜ መለስኩት። አንዴ ስሰማው «ቀረ» ነው፣ አንዴ ትንፋሽ ነው። ሆን ብዬ ነው የምሰማው እንዳልል የፒያኖውን ድምፅ ቀንሼ ሞከርኩ፣ የሷም አብሮ ይወርዳል።

ከሷ ሰምቼው ይሆን? ጆሮ እኮ ባለቤቱ ሳያውቅ ይሰማል። በራሴ የመጣ መስሎኝ ከሷ አፍ ያነሳሁት ቢሆንስ?

ልጠይቃት አሰብኩ። ግን ምን ብዬ? «ቀረ ያልሽው አንቺ ነሽ?» ብላት «ኧረ እርስዎ ነዎት ጋሼ» ነው የምትለኝ። «እሺ» ባለችበት አፏ። እንደዚያ ብትለኝ ያሳርፈኛል? ከሷ ያገኘሁት መልስ ሁሉ ያው «እሺ» እየሆነብኝ…

ወረቀቱ ገና አልተመዘገበም። አቀናባሪው ሰኞ አስገባዋለሁ ብሏል። ዛሬ ሐሙስ ነው። ቅጂውን አላሰማችሁም፤ ድምፁ የሷ ነው፣ አላስፈቀድኳትም።

ቆይ፣ ማይኩን ሳላጠፋ አንዴ በጆሮ ማዳመጫው ልስማው። ይሄው… «ድምፅህ»… እ… እዚህ ጋ…