ተሳቢው የሚያድርበት ቦታ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ስላለው የጅቡቲ መንገድ ላውራችሁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ብዙ ተወርቷል። ዘይቱንና ማዳበሪያውን የሚያመጣልን ግን ተሳቢው ነው። እሱ በኤሌክትሪክ ይሂድ ከተባለ የት ቻርጅ ያደርጋል?

ካርታ ዘርግቶ በእኩል ርቀት ጣቢያ መደርደር ይቀላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ እስከ 2030 በዋና ዋና መንገዶቹ ላይ በየ60 ኪሎ ሜትሩ የከባድ መኪና ቻርጀር እንዲኖር አዟል። እዚያ ሹፌሩ 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታው ነው። በዚያች ዕረፍት ባትሪውን የሚሞላ ኃይለኛ ቻርጀር የሚፈልጉት ለዚህ ነው።

የእኛ መንገድ ጠባዩ ሌላ ነው። ከጅቡቲ ወደብ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ 1,800 ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው። ጭነቱ የሚከብደውም ሽቅብ ሲመጣ ነው፤ የምናስገባው ከምንልከው ይበልጣላ! እስቲ አስሉት። 40 ቶን የሚመዝን መኪና ከፍታውን ለመውጣት ብቻ ወደ 200 ኪሎዋት ሰዓት የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈልጋል። የ600 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ሲሶው ሄደ ማለት ነው፤ ኪሎ ሜትሩን ገና አልቆጠርንም። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ መልሶ ባትሪውን ይሞላል፤ ባዶውን የሚወርድ መኪና ግን የሚመልሰው ጥቂት ነው። የአፋር ሙቀትም አለ፤ ባትሪ ማቀዝቀዝ ራሱ ኃይል ይበላል። ስለዚህ መኪናው ከመተሐራ በላይ ያለውን ዳገት ሳይጀምር አዋሽ ላይ በደንብ መሙላት አለበት።

አጥብቄ የምከራከርለት ግን ስለ ሌሊቱ ነው። አሥር መኪኖች በአንድ ጊዜ እያንዳንዳቸው 350 ኪሎዋት ቢስቡ 3.5 ሜጋዋት ይሆናል። ለትንሽ ከተማ ይህ ትልቅ ጫና ነው። እነዚያው አሥሩ አፋር ውስጥ ሚሌ ወይም ሎጊያ አድረው በስምንት ሰዓት ውስጥ ቀስ ብለው ቢሞሉ ለእያንዳንዳቸው 75 ኪሎዋት ይበቃቸዋል። ሲደመር 750 ኪሎዋት ነው። ትራንስፎርመሩም ገመዱም ያንሳል፣ ወጪውም ይቀንሳል። ሹፌሩ እንደሆነ መተኛቱ አይቀር!

ያ እንዲሆን ቦታው ለማደር የሚመች መሆን አለበት። ጥበቃ፣ ውሃ፣ መታጠቢያ፣ ጥላ ያስፈልጋል። ተሳቢው ሳይፈታ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው መውጣት አለበት፤ ተሳቢ ይዞ ወደ ኋላ መመለስ ምን ያህል እንደሚያደክም የነዳ ያውቀዋል። ዕቅዱ ሲነደፍ ሹፌሮቹ ከመሐንዲሶቹ ጋር ይቀመጡ የምለው ለዚህ ነው። የቱ ሜዳ በዝናብ እንደሚጨቀይ፣ ወረፋው የት እንደሚረዝም፣ የት ተኝቶ ማደር እንደሚያሰጋ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

በዚህ መንገድ የምትነዱ ካላችሁ የት እንደምታድሩና ለምን እዚያ እንደመረጣችሁ ጻፉልኝ። በሚቀጥለው ክፍል አነበዋለሁ።