«የጥርስ ነው» አሉን

እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ነው የምቀዳው፤ ባጃጅ ጥሩንባውን ቢነፋ ታገሱኝ።

ስለ እህቴ ልጅ ነው የማወራችሁ። 6 ዓመቱ ነው፣ ፎገራ ነው የሚኖሩት። ለጥምቀት ባሕር ዳር መጥተው ከታቦቱ ኋላ ሲዘል በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ፎቶው ላይ ቀኝ ጉንጩ ትንሽ ወፈር ብሏል፤ ከረሜላ የጎረሰ ነው የሚመስለው። ያኔ ማናችንም ልብ አላልነውም።

ከሳምንት በኋላ እህቴ ደወለች። «ጉንጩ አብጧል፣ ጥርሱ ነው መሰለኝ።» ክሊኒክ ወስደውት አሞክሳሲሊን ተሰጠው። አልጎድል ሲል መንጋጋ ጥርሱ ተነቀለ። በነቀለው ሰው አልፈርድም፤ የልጅ ጉንጭ ሲያብጥ አብዛኛውን ጊዜ እውነትም ጥርስ ነው። የሚቆጨኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጥርሱ ወጥቶ እብጠቱ ባሰ፣ አጠገቡ ያሉት ደህና ጥርሶች በምላሱ ሲነካቸው ይነቃነቁ ጀመር፣ እኛ ደግሞ ልጁ «አያመኝም» ስላለ ተመስገን ብለን ቁጭ አልን። አለማመሙ ነው ያዘናጋን።

እዚህ ስናመጣው ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «የቆየ ፎቶ አለህ?» ብላ ነው። የጥምቀቱን አሳየኋት። በሁለት ጣቷ አሰፋችው፣ ልጁን አየች፣ እንደገና ስልኬን አየች።

«ስንት ቀን ሆነው?»

«21።»

ዝም አለች። ናሙና ተወሰደ። በርኪት ሊምፎማ ነው ተባለ፤ ከነጭ የደም ሴሎች የሚነሳ ካንሰር ነው።

በርኪት የሰው ስም ነው። ዴኒስ በርኪት የሚባል አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ኡጋንዳ ውስጥ መንጋጋቸው ያበጠ ሕፃናትን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1958 ስለነሱ ጻፈ። ኤፕስታይን-ባር የሚባለው ቫይረስም የተገኘው ከዚያው ወደ ለንደን ከተላከ ናሙና ነው፣ በ1964። ቫይረሱን አብዛኞቻችን ሳናውቀው ይዘነው እንኖራለን፤ ካንሰሩ ግን ብርቅ ነው፣ በልጆች ላይ የሚበዛውም ወባ በማይጠፋበት አገር ነው። የእህቴ ቤት የሩዝ ማሳ መሃል ነው። ልጁን ስንቴ ወባ እንደያዘው እሷም አትቆጥረውም።

የዚህ ዕጢ ሴሎች በ1 ወይም በ2 ቀን እጥፍ ሊሆኑ ይችላሉ። እኛ ደግሞ «መድኃኒቱን ይጨርስና እናያለን» ብለን አንድ ሳምንት ጠበቅን!

ጎረቤት «እብጠት የሚያጠፋ መርፌ አለ» ብሎንም ነበር። እንኳን አልተወጋ። ሐኪሟ እንደነገረችኝ ዴክሳሜታዞንና መሰሎቹ የእብጠት መድኃኒቶች ሊምፎማን ለጊዜው ያጎድሉታል፣ ከዚያ ናሙናው ሲታይ በሽታው ተደብቆ ያልፋል።

ጎንደር ነው ኬሞ የጀመረው። ቶሎ የሚራባ ካንሰር ስለሆነ ኬሞውም ቶሎ ያገኘዋል፤ በሁለተኛው ሳምንት ጉንጩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ገና ብዙ ዙር ይቀረዋል። ትናንት በቪዲዮ ደወልኩለት። ፀጉሩ የለም፣ እሱ ግን የፀጉሩ ነገር ምኑም አይደለም።

«ጋሼ፣ ያ የነቀሉት ጥርሴ የት ሄደ? ጣራ ላይ ሳልወረውረው እኮ ነው የወሰዱብኝ!»