ድኝ እንደ ብረት ሲሆን

ጤና ይስጥልኝ! ውድ ተማሪዎች፣ የተከበራችሁ ወላጆች፣ የደብረ ብርሃንን የጠዋት ብርድ ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ይቺን ቢጫ ነገር ታውቋታላችሁ፤ ድኝ ናት። አባቶቻችን ባሩድ ሲቀምሙ ከከሰል ጋር የሚደባልቋት። ይኸው፣ ቴስተር አስነካኋት። መርፌው ንቅንቅ አላለም፤ ኤሌክትሪክ አታሳልፍም ማለት ነው።

ኤሌክትሪክ የሚሸከሙትን ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ኤሌክትሮኖችን፣ አጥታ አይደለም፤ ሞልተዋታል። ኤሌክትሮኖቿ ግን ሸዋ ሮቢት እንደቀሩ መንገደኞች ናቸው። ታች ቦታው ሁሉ ስለተያዘ መላወሻ የለም። እንደልብ የሚኬድበት ሜዳ ያለው ጣርማበር ላይ ነው። ዳገቱን ደግሞ አይችሉትም።

ድኝን በከፍተኛ ግፊት ብንጨምቃትስ? ግፊቱ ለኤሌክትሮኖቹ ጉልበት አይሰጥም። ዳገቱን ነው የሚያሳጥረው። አተሞቹ ሲጠጋጉ የአንዱ ኤሌክትሮን ጎረቤቱ ደጅ ይደርሳል። እየጠበበ ሄዶ ዳገት የሚባል ነገር ይጠፋል። ያኔ ድኝ እንደ ብረት ኤሌክትሪክ ታሳልፋለች።

ስንት ግፊት? እኛ ከፍታ ላይ ስለሆንን አየራችን ሳስቶ ባቄላው በቶሎ አልበስል ይለናል። ፕሬዠር ኩከር ግፊቱን እጥፍ ቢያደርገው ነው። ለድኝ የሚያስፈልገው ግን ከባሕር ጠረፍ አየር 900 ሺህ እጥፍ ገደማ ነው! ይህን የሚሠራው መሣሪያ ታዲያ በመዳፍ ይያዛል። ሁለት የአልማዝ ጫፎች ፊት ለፊት ይገጠሙና በብሎን ይጠበቃሉ። ሚስጥሩ የጫፉ ማነስ ነው፤ በቀጭን ተረከዝ የተረገጠ ሰው ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ነው የተሠራው። አልማዝ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ውስጡን በማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል።

የድኝ ዘመድ የሆነ፣ እንደ ገማ እንቁላል የሚሸት ጋዝ አለ፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ። እ.ኤ.አ. በ2015 በ1.5 ሚሊዮን እጥፍ ግፊት ሲጨመቅ፣ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ላይ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች መቋቋም አሳለፈ። ከዚያ ሁሉ ሽታ ይህ ይወጣል ብሎ ማን ይጠብቃል?

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሶዲየም ነው። ሲፈጠር ከብረታ ብረት ወገን ነው፤ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። 2 ሚሊዮን እጥፍ ሲጨመቅ ማሳለፉን ይተዋል፤ ጭራሽ እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፋል። ኤሌክትሮኖቹ በአተሞቹ መካከል ባሉ ክፍተቶች ተወሽቀው ይቀራሉ። ግፊት ሁልጊዜ መንገድ አይከፍትም ማለት ነው።

ድኟንና ቴስተሩን ጠረጴዛው ላይ እተዋቸዋለሁ። ተራ በተራ ሞክሩ። ምሳ ከመብላታችሁ በፊት ግን እጃችሁን ታጠቡ።