ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ብደውል ኖሮ

እንደምን አላችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም። የማወራው ስለ ኢንሹራንስ ነው። አውቃለሁ፣ ገና ቃሉን ስትሰሙ እጃችሁ ወደ ሌላ ክፍል መሄድ ጀምሯል። ትንሽ ታገሱኝ። ፍቅር አለበት፣ መውደቅ አለበት፣ ለጥቂት ውሸትም ሊኖርበት ነበር።

ፍቅሩ ያማሃ አር6 የሚባል ሞተር ሳይክል ነው። ያገለገለ፣ ሰማያዊ። ለማታውቁት፣ 599 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ ክብደቱ ከነነዳጁ 190 ኪሎ ገደማ። ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጣችሁ በደቂቃ 14,500 ዙር አካባቢ ሲደርስ ነው። አብዛኛው የቤት መኪና የዚህን ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ቀዩ መስመር፣ ማለትም የኢንጂኑ የዙር ጣሪያ፣ ላይ ነው። ድምፁን አንድ ጊዜ ሰማሁ፣ አለቀልኝ። እዚያው ቆሜ ቀብድ ከፈልኩ።

ኢንሹራንስ ጋ የደወልኩት በማግስቱ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ።

ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሁት ናት። ዕድሜዎ ስንት ነው? መንጃ ፈቃድ ካወጡ ስንት ዓመትዎ? ከዚህ በፊት ስንት ሲሲ ነድተዋል? አደጋ ደርሶብዎት ያውቃል? ማታ የት ነው የሚያድረው?

«ደጅ» አልኳት።

ዝም አለች። ኪቦርድ ስትመታ ይሰማኛል። ከዚያ ለሙሉ ሽፋን የምከፍለውን የዓመት አረቦን ነገረችኝ። የሞተሩን ዋጋ ሲሶ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። «ይሄ ከነሞተሩ ነው?» አልኳት። ሳቀች፤ እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም።

የተሰማኝ ነገር ስድብ ነው። እውነቴን ነው። ሳታውቀኝ፣ አንድ ቀን ስነዳ ሳታየኝ፣ እንደ እብድ ቆጠረችኝ አልኩ። ለጓደኞቼ ስነግራቸው ሁሉም መፍትሔ አለው። አንዱ፣ «ታላቅ ወንድምህን ዋና ነጂ አድርገህ በስሙ አውጣው» አለኝ። ወንድሜ ሞተር ላይ ወጥቶ አያውቅም። ሌላው ደግሞ «ደጅ ያድራል ብሎ የሚናገር ሰው አለ እንዴ? የተቆለፈ ግቢ ውስጥ በላቸው። ስለ ኤግዞስቱ ደግሞ ምንም አታንሳ» አለ። የቀድሞው ባለቤት ኤግዞስቱን፣ የጭስ ማውጫውን፣ ቀይሮት ነበር።

ልዋሽ ምን ቀረኝ? ግማሽ ቀን አሰብኩበት። ያቆመኝ ጨዋነቴ ነው ብላችሁ አጉል አታመስግኑኝ። ያቆመኝ ሒሳብ ነው። ስለ እነዚህ ውሸቶች አረቦን ስትከፍል ማንም አይጠይቅህም። የሚጠየቁት ካሳ ልትቀበል ስትሄድ ነው። ያኔ ገምጋሚው ይመጣል፣ ኤግዞስቱን ያያል፣ የማን ሄልሜት እንደሆነ፣ ማን በየቀኑ እንደሚነዳው ይጠይቃል። ያልተነገረ ለውጥ ወይም የውሸት ዋና ነጂ ከተገኘ ውሉ ሊፈርስ፣ ካሳው ሊቀነስ ወይም ጭራሽ ሊቀር ይችላል። ዓመቱን ሙሉ ለባዶ ወረቀት ከፈልክ ማለት ነው።

ስለዚህ አልዋሸሁም። ከዚያ የባሰ ሞኝነት ሠራሁ። ሦስተኛ ወገን ብቻ ገዛሁ። እኔ ሌላ ሰው ላይ የማደርሰውን ጉዳት ይከፍላል፣ የእኔን ሞተር አይነካም። «ተጠንቅቄ እነዳለሁ» አልኩ። ዓረፍተ ነገሯ ስትሰማ እንዴት ደስ ትላለች!

ሦስት ወር ሳይሞላኝ ወደቅኩ። ፍጥነቴ ስንት ነበር? ዜሮ። ፓርኪንግ ውስጥ አቁሜ መቆሚያውን በግራ እግሬ ገፋሁት፣ የተዘረጋ መሰለኝ። አልተዘረጋም። ስወርድ ቀስ ብሎ ዘመም አለ። ያዝኩት፣ ለሁለት ሰከንድ ያህል ያሸነፍኩት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ክንዴ ከዳኝ። ድምፁ ትልቅ አይደለም፣ ቀው ብቻ። ሳነሳው የጎኑ ፕላስቲክ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። የክላቹ እጀታ ጫፉ የለም። ፍሬቻው በሽቦው ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። የኢንጂኑ ክዳን ተፍቋል፣ የነዳጁ ታንከር መሪው ባረፈበት ቦታ ጎድጉዷል።

ጥገናውን አስገመትኩ። ወረቀቱን ሳነብ ያቺ ትሁት ልጅ ትዝ አለችኝ። ቆሞ የወደቀ ሞተር ይሄን ያህል ከበላ፣ በ60 የተንሸራተተ ምን ሊበላ ነው? የዚህ ዓይነት ሞተር ዙሪያውን በፕላስቲክ የተሸፈነ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ውድ ነው፣ ቀለሙም ከሌላው ጋር መግጠም አለበት። ከውስጥ ራዲያተሩ አለ፣ የአሉሚኒየም ፍሬሙ አለ። ፍሬሙ ተጣመመ ተብሎ ከተጠረጠረ ገምጋሚው ሳያመነታ «ከጥቅም ውጭ» ይለዋል። ለካስ የአረቦኑ ግማሽ እኔን ሳይሆን ይሄን ፕላስቲክ ነው የሚቆጥረው።

ሌላው ግማሽ ግን እኔን ነው። እኔን ማለት የኔ ቢጤውን። የአሜሪካ የሀይዌይ ደኅንነት የኢንሹራንስ ተቋም በፈረንጆቹ 2007 ያወጣው ጥናት አለ። ከተመዘገበው ሞተር ብዛት አንጻር ሲሰላ፣ የሱፐርስፖርት፣ ማለትም እንደ አር6 ያሉ ሞተሮች፣ ነጂዎች የሞት መጠን ከሌሎቹ ነጂዎች አራት እጥፍ ይጠጋል። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ስድቡ ትንሽ በረደልኝ። ልጅቷ የቆጠረችኝ እንደ እብድ አይደለም፤ ያንን ሞተር እንደመረጠ ሰው ነው። ልዩነት አለው። ብዙ ባይሆንም አለው።

አር6ቱን አስጠገንኩና ሸጥኩት። ስለ ሽያጩ አላወራም፣ ያመኛል።

ሁለተኛውን ስገዛ ግን ነገሩን ገለበጥኩት። መጀመሪያ የአምስት ሞተሮች ስም ጻፍኩ፣ ከዚያ ሦስት ቦታ ደውዬ የእያንዳንዱን አረቦን ጠየቅኩ። መጠየቅ በነጻ ነው! ሲሲው ትልቅ የሆነ ሁሉ ይወደዳል ብዬ ነበር የማስበው። ያማሃ አር7 689 ሲሲ ነው፣ ከአር6 ይበልጣል። ሁለት ሲሊንደር ስለሆነ ግን ጉልበቱ 73 ፈረስ ገደማ ነው፤ አር6 ከ110 በላይ ነው። የተነገረኝ አረቦን በብዙ ያነሰ ነበር። ያንኑ ኢንጂን የያዘው፣ ፕላስቲክ ያልለበሰው ኤምቲ-07 ደግሞ ከእሱም ወረደ። አምስቱም ጎን ለጎን ወረቀት ላይ ሲቀመጡ፣ የምወደውን ብቻ ሳይሆን የምወድበትን ዋጋም አየሁት።

አር7 ገዛሁ። ኤምቲ አልገዛሁም፣ ልቤ እንደሆነ አላደገም። ኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት፣ ያለው መሆኑን ግን አጥብቄ ፈለግሁ። አንዳንድ ኢንሹራንስ ለኤቢኤስ ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ግድ የለውም። እዚያው ተቋም ባወጣው ጥናት ግን ኤቢኤስ ባላቸው ሞተሮች ላይ ገዳይ አደጋ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይቀንሳል። ቅናሹ ባይኖርም ይሄ ይበቃኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ድርድር ነው። ማታ የሚያድርበትን ቦታ ቀየርኩ። የዘመድ ግቢ ውስጥ፣ ከሲሚንቶ ጋር በተቀበረ ብረት ላይ በወፍራም ሰንሰለት ይታሰራል። ስፖርት ሞተር ሁለት ሰው አንስቶ ፒክአፕ ላይ የሚጭነው ነገር ስለሆነ የመሪ ቁልፍ ብቻውን ቀልድ ነው። በዓመት የምነዳውን ኪሎ ሜትርም በትክክል ቆጠርኩ። ለካ ከገመትኩት ግማሹ ነው። የላቀ የአነዳድ ሥልጠና ወስጄ ሰርተፍኬቱን አያያዝኩ። በወር በወር ከመክፈል ይልቅ ተጨናንቄ የዓመቱን ባንዴ ከፈልኩ፣ ምክንያቱም በየወሩ ሲከፈል ብዙ ጊዜ ወለድ አለበት።

ኤክሰስ ላይ ግን ቆም ልበል። ጉዳት ሲደርስ መጀመሪያ ከራሳችሁ ኪስ የምትከፍሏት ናት። እሷን ከፍ ስታደርጉ አረቦኑ ይወርዳል። ሰው ሁሉ ይሄን ሲሰማ እስከ ጣሪያ ይሰቅላታል። እኔ የጠየቅኩት ጥያቄ አንድ ነው። ዛሬ ማታ ብወድቅ ነገ ጠዋት የምከፍለው ገንዘብ እጄ ላይ አለ? አለ የምለው መጠን ላይ አቆምኳት። እንደ ፓርኪንጉ ዓይነት ትንሽ አወዳደቅ ሲያጋጥም፣ ካሳ ብጠይቅ ለዓመታት ያጠራቀምኩት ካሳ ያለመጠየቅ ቅናሽ ሊሄድብኝ ይችላል። ስለዚህ ትንሹን እኔ እችላለሁ፣ ትልቁን እነሱ ይቻሉ።

ከመፈረሜ በፊት ሁለት ነገር ጠየቅኩ። ቢሰረቅ የምትከፍሉኝ የገበያውን ዋጋ ነው ወይስ አስቀድመን የተስማማንበትን? ሞተሬን ይዤ የውድድር ሜዳ ብገባስ? የሁለተኛው መልስ አጭር ነበር። አይሸፍንም። አብዛኛው ውል እንደዚያ ነው፣ ውድድር ባይሆንና ለልምምድ ብቻ ቢሆንም።

ባለፈው ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ አሳደስኩ። ያቺው ልጅ ትሁን ሌላ አላውቅም፣ ድምፁ ትሁት ነው። «ከዓምና የተለወጠ ነገር አለ?» አለችኝ። የለም አልኩ። እውነት ነበር፣ እስከዚያን ቀን።

አሁን ይሄን ስቀዳ እግሬ ሥር አንድ ካርቶን አለ። ኤግዞስት ነው። ትናንት ደረሰኝ፣ አንዴ ከፍቼ አይቼዋለሁ፣ በጣም ያምራል። ቁልፎቹንም አውጥቻለሁ፣ ግን እስካሁን አልገጠምኩትም። ዛሬ እሑድ ነው፣ ቢሯቸው ዝግ ነው። ነገ ጠዋት እደውላለሁ።