ሳህንም ቆርኪም ግድግዳ ላይ፦ ተራ ዕቃ እንዴት የጥበብ ሥራ ይሆናል?

[ምስል፦ ሐረር ጀጎል፣ የሐረሪ ቤት ውስጥ። ካሜራው ግድግዳውን ቀስ ብሎ ይቃኛል።]

የሐረሪ ቤት ገብታችሁ ነደባው ላይ ስትቀመጡ ዓይናችሁ ወዴት ይሄዳል? ወደ ግድግዳው ነው። ከላይ እስከ ታች ስፌትና ሳህን ተሰቅሎበታል። ስፌቱ የእጅ ሥራ ነው። አበባ የተሳለበት የብረት ሳህን ግን ከፋብሪካ ወጥቶ ገበያ የተሸጠ ዕቃ ነው። እዚህ ወጥ አይቀርብበትም። ቦታ ተመርጦለት ተሰቅሏል፣ ይታያል።

ዘመናዊ ሠዓሊዎች ተራ ዕቃ አንስተው «ይህ የጥበብ ሥራ ነው» ሲሉ ብዙ ሰው ይናደዳል። «ይሄንንማ እኔም እሠራዋለሁ» ይላል። ክርክሩ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል።

[ምስል፦ የ1917ቱ ፎቶግራፍ።]

እ.ኤ.አ. በ1917 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የሠዓሊዎች ማኅበር «ክፍያውን የከፈለ ሁሉ ሥራውን ማሳየት ይችላል» አለ። ፈረንሳዊው ማርሴል ዱሻምፕ የወንዶች ሽንት መሽኛ በጀርባው አስተኝቶ፣ «አር. መት 1917» የሚል የፈጠራ ስም ፈርሞበት አቀረበ። ማኅበሩ ቃሉን አጠፈ፤ ለተመልካች አላቀረበውም። ዱሻምፕም ከማኅበሩ አመራር ለቀቀ። ያ ዕቃ ጠፍቷል። ዛሬ በየሙዚየሙ ያለው እሱ ፈቅዶ በኋላ የተሠራ ቅጂ ነው።

የዱሻምፕ ጥያቄ ከባድ ነው፤ መምረጥ ብቻውን ጥበብ ይሆናል ወይ? ለዓይን ግን ብዙም አያጠግብም። እኔን የሚይዘኝ ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1942 የሠራው የበሬ ራስ ነው።

[ምስል፦ የበሬው ራስ፣ በጣም ቀርቦ።]

የአሮጌ ብስክሌት መቀመጫ ነው። ጠባቡ ጫፍ ወደ ታች ሲዞር አፍንጫ ሆነ። ከላይ የብስክሌቱ መሪ ተገጠመ፤ ቀንድ ሆነ። በቃ፣ ሌላ ምንም የለውም። በሬ ታያላችሁ። ትንሽ ቆይታችሁ ደግሞ ብስክሌት። ሁለቱም አይጠፉም፤ ዓይን ይመላለሳል። ዕቃው የቀድሞ ሥራውን ሳይረሳ ሌላ ነገር ሆኗል። ለእኔ መለኪያው ይሄ ነው።

[ምስል፦ የኤል አናትሱይ ሥራ ከሩቅ፣ ከዚያ ከቅርብ።]

ጋና ተወልዶ ናይጄሪያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ያስተማረው ኤል አናትሱይ የሚሠራው በአረቄ ጠርሙስ ቆርኪ ነው። ቆርኪው ይጨፈለቃል፣ ይታጠፋል፣ በመዳብ ሽቦ እርስ በርሱ ይታሰራል። ከሩቅ ሲታይ የወርቅ ጥልፍ ያለው ትልቅ ጋቢ ይመስላል። ጠጋ ስትሉ የመጠጡ ስም ይነበባል። አውሮፓውያን ነጋዴዎች አፍሪካ ዳርቻ ይዘውት ከመጡት ሸቀጥ አንዱ መጠጥ ነበር፤ ባሪያ ንግድም ውስጥ ገብቶበታል። ቆርኪው ያንን ሁሉ ተሸክሟል። አሰቃቀሉንም አናትሱይ ለሰቃዩ ይተወዋል፤ ስለዚህ ሥራው በየአዳራሹ መልኩ ይለያያል።

[ምስል፦ የኤልያስ ስሜ ሥራ።]

የእኛው ኤልያስ ስሜ ደግሞ አለ። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሠዓሊ ነው። ቀድሞ በክርና በልብስ ቁልፍ ይሠራ ነበር። በኋላ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር ማዘርቦርድ ከመርካቶ ይሰበስብ ጀመር። ሽቦውን እንደ ሹሩባ ጎንጉኖ እንጨት ላይ በሚስማር ይመታዋል። ከሩቅ ከሰማይ የታየ ማሳ ነው። ከቅርብ የኪቦርድ ፊደላት ናቸው። ስንት ሰው የተጻጻፈባቸው ይሆኑ?

በዚያ የሐረሪ ግድግዳ ፊት ያደገ ሰው ይህን ለማየት ሩቅ አይሄድም። የእናቶቹ ግድግዳ የራሱ ወግ አለው፤ የዱሻምፕ ዘመድ ላድርገው አልልም። ግን ብዙ ትንንሽ ነገር ተደርድሮ አንድ ትልቅ ነገር ሲሆን እዚያ ይታያል።

[ምስል፦ ድሬዳዋ፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ።]

መሞከር ለሚፈልግ ወጣት አንድ ነገር ልበል። ከሁሉም አትልቀሙ። አንድ ዓይነት ዕቃ ምረጡ፤ በብዛት ሰብስቡ። ድሬ ብኖር የምመርጠው ብሎንና ዝገት የበላው ብረት ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1902 የባቡር ሐዲዱ ስለደረሰላት ነው። የጣቢያውን ግቢ ዕቃ ግን አትንኩ፤ እሱ ቅርስ ነው። ቁራሌው ጋር የሚገኘው ይበቃል። የሚሠራ የምታውቁ ካላችሁም ጠቁሙን፤ መጥተን እንቀርጻለን።