ልሙጥ፣ ጥርሳም ወይስ ቅይጥ? የሰንጢ ስለት አመራረጥ

[በቅርበት፦ ጠረጴዛ ላይ ገመድ፤ ልሙጥ ሰንጢ ይቀርባል]

ይሄን ገመድ እዩልኝ። አውራ ጣት የሚያክል የናይለን ገመድ ነው። ሰንጢዬ ደህና አድርጎ ተስሏል፤ የክንድ ፀጉር ይላጫል። ገመዱ ላይ አሳርፌ ስጫነው ትንሽ ገብቶ ይቆማል። ስስበው ደግሞ ይንሸራተታል።

[ያው ገመድ፤ ጥርሳም ሰንጢ]

ይሄኛው ጥርሳም ነው። አንዴ ሳብ፣ ሁለቴ ሳብ... ለሁለት ሆነ።

«በቃ፣ ጥርሳሙን ነው የምገዛው» ብላችሁ እንዳትነሱ። በዚሁ ሰንጢ እርሳስ ልቅረጽ።

[እርሳስ ሲቀረጽ]

አያችሁ? እንጨቱን አይጥ የበላው አስመሰለው።

ነገሩ ያለው መግፋትና መሳብ ላይ ነው። ስትቀርጹ፣ ስትልጡ፣ ስስ አድርጋችሁ ስትከትፉ ስለቱን የምትገፉት ወደፊት ነው። ለዚህ ልሙጥ ስለትን የሚያህል የለም። የት እንደገባ፣ የት እንደሚወጣ እጃችሁ ያውቀዋል። ገመድ፣ የመኪና ቀበቶ፣ የደረቀ ዳቦ ቅርፊት ስትቆርጡ ግን ትስባላችሁ። እዚያ ጥርስ ይረዳል።

ጥርሶቹን ቀረብ ብለን እንያቸው። መጀመሪያ የሚነክሱት ሹሎቹ ጫፎች ናቸው። የእጃችሁ ጉልበት በሙሉ እነዚያ ጥቂት ነጥቦች ላይ ስለሚያርፍ ክሩን ይበሱታል። ከዚያ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ጎድጓዳ ክሩን ይዞ ያስቀረዋል። ጎድጓዳው ራሱ ስለት ነው። መጋዝ ይመስላል እንጂ መጋዝ አይደለም፤ ሰጋቱራ አያወጣም። ሳህንም ሆነ መክተፊያ የሚነካው ጫፉ ብቻ ስለሆነ፣ ጎድጓዳው ሌላው ከደነዘ በኋላም ይቆርጣል።

በነገራችን ላይ በኪስ ሰንጢ ላይ ይሄን ጥርስ በሰፊው ካስለመዱት አንዱ የአሜሪካው ሰንጢ አምራች ስፓይደርኮ ነው፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር። ዛሬ መርከበኞችና የነፍስ አድን ሠራተኞች ጥርሳሙን ይወዱታል። የነፍስ አድን ሰንጢዎችን ካያችሁ ብዙዎቹ ጫፋቸው ሹል አይደለም። ቀበቶው ስር ሰው አለ፤ እሱን እንዳይወጋ ነው።

[ካርቶን ሲቆረጥ፤ መስመሩ ወደ ጎን ሲሄድ]

አንድ የማይነገር ነገር ልንገራችሁ። ጥርሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞረደው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ሌላው ጎን ጠፍጣፋ ነው። ስለዚህ ቀጥ አድርጋችሁ ልትቆርጡ ስትሞክሩ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። እጃችሁ ጠሞ እንዳይመስላችሁ።

እሺ፣ ከፊሉ ልሙጥ ከፊሉ ጥርሳም የሆነው ቅይጡስ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያ ሰንጢዬ ቅይጥ ነበረ። ሁለቱንም አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ዱላ መቅረጽ ጀመርኩ። ጉልበት የሚገኘው እጀታው አጠገብ ባለው የስለት ክፍል ነው፤ እዚያ የተቀመጠው ግን ጥርሱ ነው። ልሙጡ ራቅ ብሎ ጫፉ ጋ ቀርቷል። ገመድ ስቆርጥ ደግሞ ጥርሱ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሁለቴ ሳልስበው ገመዱ ወደ ልሙጡ ይሾልካል። 8 ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ስለት ላይ ሁለት ደባል ማስገባት ይከብዳል። ቢያንስ ጥርሱን ወደ ጫፍ፣ ልሙጡን ወደ እጀታ ያደረጉ አሉ፤ እነሱ ለእኔ ይሻላሉ። ሰንጢው 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ቅይጡ ያን ያህል አይከፋም።

አሁን ወደ ገመዱ እንመለስ።

[ያው ልሙጥ ሰንጢ፤ ሸካራ የመሳያ ድንጋይ]

መጀመሪያ የተሸነፈው ሰንጢ ነው። ቁጥሩ 400 አካባቢ በሆነ ሸካራ ድንጋይ ላይ በሁለቱም ጎን ጥቂት ጊዜ አመላልሰዋለሁ። አላለሰልሰውም፤ እዚያው ላይ አቆማለሁ። በአጉሊ መነጽር ብታዩት ስለቱ ጥቃቅን ጥርስ አብቅሏል።

[ገመዱ ሲቆረጥ]

ሦስት ጊዜ ሳብኩት፣ ሄደ። ቅድም የተንሸራተተው ብረቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። በ3000 ቁጥር ድንጋይ አለስልሼው ስለነበረ ነው። እንደዚያ ያለ ስለት ፀጉር ይላጫል፣ ገመድ ላይ ግን የሚነክስበት የለውም። ለዚህ ነው አንድ ሰንጢ ብቻ ለሚይዝ ሰው ልሙጡን የምመክረው። ጥርስ ሲያስፈልጋችሁ ድንጋዩ ይሰጣችኋል፤ ሳያስፈልጋችሁ ትመልሱታላችሁ።

ግን ይሄ የሚሠራው ለሚስል ሰው ነው። ሰንጢ ገዝቶ ለሦስት ዓመት ድንጋይ የማያስነካ አለ። (ታውቁታላችሁ። ምናልባት እናንተ ናችሁ።) ለእሱ ጥርሳም ይሻለዋል፤ ደንዞም ቢሆን ይዘነጥላል። በመኪና ውስጥ ለክፉ ቀን ለሚቀመጥም እንደዚያው።

የጥርሳሙ ችግር ጨርሶ ሲደነዝ ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ አይገባበትም። ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ድቡልቡል መሞረጃ ዘንግ ያስፈልጋል። ከተሞረደው ጎን ብቻ፣ ጎድጓዳ በጎድጓዳ፣ እያንዳንዱን አምስት ስድስት ጊዜ። ሲያልቅ ጠፍጣፋውን ጎን በጣት ዳበስ ብታደርጉት ስስ ብረት ተጠቅልላ ትቆረቁራለች። ጣታችሁን ከጀርባ ወደ ስለቱ አውጡ እንጂ በስለቱ ላይ አታስኪዱት። ያንን ጎን ድንጋይ ላይ ሙሉ በሙሉ አስተኝታችሁ አንዴ ብቻ ቀለል አድርጋችሁ ሳቡት፤ ትወድቃለች።

ቅይጥ ቀድሞውኑ ገዝታችሁ ከሆነ አትጣሉት። ልሙጡን ክፍል በድንጋዩ ጠርዝ በኩል ሳሉት፤ ጥርሱ ከድንጋዩ ውጭ ይንጠልጠል። እኔ ይሄን ሳላውቅ ሙሉውን ድንጋይ ላይ እየጎተትኩ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥርሶች አረገፍኳቸው።

[በቅርበት፦ ያረጀው ሰንጢ፤ ሁለት ጥርስ የጎደለበት]