ጨዋታችሁን ጻፉት

አሰላሙ አለይኩም፤ ጤና ይስጥልኝ። ከኮምቦልቻ፣ ከሀይቅ፣ ከወልድያ በጠዋት ተነስታችሁ ደሴ የገባችሁ ሁሉ እንኳን ደህና መጣችሁ። የጦሳ ብርድ እንዳልለቀቃችሁ አያለሁ፤ ጃኬቱን ያላወለቀው ይበዛል።

አዘጋጆቹ ውድድሩ ሳይጀመር ስለ ቼዝ ትንሽ በል ብለውኛል። ሰው እንዴት እንደሚሸነፍና እንዴት እንደሚያሸንፍ የሚነግራችሁ ሞልቷል። እኔ የማወራችሁ ስለምወዳቸው ሁለት ነገሮች ነው፤ ስለ መጫወትና የተጫወቱትን ስለ መጻፍ። ማስተር ብላችሁ ትጠሩኛላችሁ፣ ደስ ይለኛል። ግን በቼዝ እንጀራ በልቼ አላውቅም። ቀን ሥራዬን እሠራለሁ፣ ማታ ቦርዴን እዘረጋለሁ። እንዲህ የሚኖር ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ነው።

መጫወቱን ላስረዳችሁ አልሞክርም። ፈረሳችሁ ንጉሡንና ንግሥቷን ባንዴ ሲይዝ፣ ተጋጣሚያችሁ እጁን ዘርግቶ መልሶ ሲሰበስብ፣ የሚሰማችሁን ታውቁታላችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጨዋታው ያልቃል፣ እጅ ለእጅ ትጨባበጣላችሁ፣ መጫወቻው ሳጥን ይገባል፣ እርምጃዎቹን የጻፋችሁበት ወረቀት ኪስ ውስጥ ተጨማዶ ይቀራል። ያ ወረቀት ያሳዝነኛል።

ማታ ቤት ስትገቡ አውጡት። ጨዋታውን ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምራችሁ እንደገና ደርድሩ፤ ከጎኑም ያሰባችሁትን በራሳችሁ አማርኛ ጻፉ። «ሩኬን እዚህ ያመጣሁት መስመሩ ክፍት ስለነበረ ነው።» «እዚህ ጋ ፈራሁ።» «ይህን ቢሾፕ ለምን እንዳልበላው ገርሞኛል።» እንዲህ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለውን ፕሮግራም በኋላ ክፈቱት። ይህን አጥብቄ ነው የምላችሁ። ፕሮግራሙ ትክክለኛውን እርምጃ ይነግራችኋል፤ እናንተ ምን አስባችሁ እንደነበር ግን አያውቅም። አስቀድማችሁ ከከፈታችሁት ደግሞ እናንተም ትረሱታላችሁ።

ሲጻፍ ምን እንደሚገኝ አንድ ነገር ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ1895 ስኮትላንድ ግላስጎ ውስጥ አንድ ጋዜጣ የቼዝ ዓምድ ነበረው። ዓምደኛው አንድ የመጨረሻ ጨዋታ አወጣ፤ ቦርዱ ላይ የቀሩት አራት ብቻ ናቸው። ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ይናገራል። ነጭ፣ ንጉሥ ቢ6 ላይ፣ ወታደር ሲ7 ላይ። ጥቁር፣ ንጉሥ ኤ1 ላይ፣ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ሩክ ዲ5 ላይ። ተራው የጥቁር ነው። ጥቁር በሩኩ ቼክ እያለ፣ ማለትም ንጉሡን እያስፈራራ ያባርራል፣ ንጉሡም ደረጃ በደረጃ እየወረደ ሲ2 ይደርሳል። ያኔ ጥቁር ሩኩን ዲ4 ላይ ያስቀምጣል። እስቲ አስቡት፤ ወታደር የመጨረሻው ረድፍ ሲደርስ ሌላ መጫወቻ ይሆናል፤ ሲ8 ገብቶ ንግሥት ቢሆን ሩኩ ሲ4 ላይ ቼክ ይላል፣ ንግሥቷ ትበላዋለች፣ ጥቁሩ ንጉሥም ቼክ ሳይባል መሄጃ ያጣል። አቻ! ዓምደኛውም አቻ ነው ብሎ ጻፈ።

በከተማው የሚኖር ፈርናንዶ ሳቬድራ የሚባል ስፔናዊ ቄስ ይህን አነበበ። በጨዋታ ዝና ያለው ሰው አልነበረም። ግን አየ። ንግሥት አታድርገው፣ ሩክ አድርገው! ወታደሩ ሩክ ከሆነ ሲ4 ላይ ያ ወጥመድ የለም። ይልቁንም ሩኩ ኤ8 ላይ ሄዶ ማት ሊል፣ ንጉሡን መውጫ አሳጥቶ ጨዋታውን ሊጨርስ ነው። ጥቁር ሩኩን ኤ4 ላይ አምጥቶ ይከላከላል፤ ነጭ ንጉሡን ቢ3 ላይ ያደርጋል። በአንድ እርምጃ ሩኩንም ያስፈራራል፣ ሲ1 ላይ ማትም ያዘጋጃል። አለቀ። ሳቬድራ ዓለም ላይ ስሙ የሚነሳው በዚህች አንድ እርምጃ ነው፤ ይኸው ዛሬ ደሴ ላይ እናወራታለን። ጋዜጣው ባይጽፍ ኖሮ አያያትም ነበር።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን ላይ አንደርሰን የሚባል ጀርመናዊ የሒሳብ መምህር ሁለቱንም ሩኮቹን፣ አንድ ቢሾፑን፣ ንግሥቱንም ሰጥቶ ማት አለ። ጨዋታውን መጽሔት ላይ ያወጣው ማን መሰላችሁ? ራሱ የተሸነፈው ኪዘሪትስኪ! እንዲህ ያለ ፍቅር ነው የምላችሁ።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። አያቶቻችን ሰንጠረዥ፣ የድሮውን የእኛን ቼዝ ይጫወቱ ነበር። ሰሌዳው ቀይ ጨርቅ ነው፣ በመስመር የተከፈለ፣ ነጭና ጥቁር ቤት የሌለው። ንግሥት የለችም፤ በቦታዋ ያለው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ወረራው ነው። ሁለቱም ተራ ሳይጠባበቁ፣ እጃቸው እየተሻማ፣ የመጀመሪያው መጫወቻ እስኪበላ ድረስ ሠራዊታቸውን እንደፈለጉ ያሰልፋሉ። ከዚያ ነው ተራ የሚመጣው። ምን ዓይነት ጨዋታ ነበር!

ይህን ግን ከማን አወቅነው? ሄንሪ ሶልት የሚባል እንግሊዛዊ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቶ ጻፈ። በእኛው በየጁው ራስ አሊ ዘመን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ጻፈ፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1868 ታተመ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ይህን ሁሉ ሰብስቦ ጥናት አወጣ። አምላክ ይስጣቸው። ነገር ግን አንድ ሙሉ የሰንጠረዥ ጨዋታ፣ ከወረራው እስከ ማቱ፣ እርምጃ በእርምጃ ተመዝግቦ ፈልጌ ፈልጌ አላገኘሁም። በየግቢው ስንት ጎበዝ ነበረ፤ ስንት ሳቬድራ ነበረ። ምን እንዳሰቡ፣ በየትኛዋ እርምጃ ሰው እንዳስደነቁ አላውቅም። ይህ ያንገበግበኛል።

ቤታችሁ ሰንጠረዥ የሚያስታውሱ አባት ወይም እናት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቁልኝ። ጨርቁ ካለ ፎቶ አንሱት። የመጫወቻዎቹን ስም እሳቸው እንደሚሉት ጻፉት፣ አታርሙት።

የዛሬው ውድድር ወረቀት በየጠረጴዛው ላይ ነው። እርምጃው በቀኝ በኩል ክፍት ቦታ እንዲኖረው ሰፋ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ቦታው ለሐሳባችሁ ነው። ማታ ደግሞ እዚሁ ቡና ይፈላል። ያሸነፈም የተሸነፈም ወረቀቱን ይዞ ይምጣ፣ ቦርድ ዘርግተን አብረን እናየዋለን። አሁን ሰዓቶቹን አስነሱ።